የጋሽ ተክሌ አስራ ዘጠኝ መጻሕፍት

ልጅ እያለሁ አባቴ ሁለት ሥራ ያለው ይመስለኝ ነበር። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ይጠግናል፣ መጽሐፍ ይመዘግባል። ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ደግሞ፣ የጎረቤት አባቶች ጫታቸውን ይዘው ሲሰበሰቡ፣ እሱ እኔን ጋቦዴ ሰፈር ካለው ቤታችን በሚኒባስ ይዞኝ ወደ ፒኬ 12 ይሄዳል። ፒኬ 12 የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ወደብ ለመግባት ተራ የሚጠብቁበት፣ ከከተማው ወጣ ያለ ሜዳ ነው። እዚያ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ለሾፌሮች የአማርኛ መጻሕፍት መደርደሪያ ሠርቶ ነበር። ደመወዝ የለው፣ አለቃ የለው። እናቴ «የሰው አባት ዓሣ ያጠምዳል፣ ያንቺ አባት ሾፌር ያስነብባል» እያለች ትስቅበት ነበር። እኔ ግን የናፍጣውና የጋለው ጎማ ሽታ ከአሮጌ ወረቀት ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣ ዓርብ መሆኑን አውቅና ደስ ይለኝ ነበር።

የመደርደሪያው ሕግ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ሕግ ይለያል። ሾፌሩ አንብቦ ሲጨርስ መጽሐፉን ጅቡቲ ድረስ መመለስ አይጠበቅበትም፤ ጋላፊም ይሁን ሚሌ፣ አዋሽም ይሁን አዳማ፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሌላ ሾፌር ይሰጠዋል። በሚቀጥለው ጉዞው ሲመጣ «ያ ሰማያዊ ሽፋን ያለው በቀለ ጋ ነው፣ ሚሌ ላይ ሰጠሁት» ብሎ ለአባቴ ይነግረዋል። አባቴም ከጫማ ካርቶኑ ውስጥ የመጽሐፉን ካርድ አውጥቶ ከበፊቱ ስም ሥር የበቀለን ስም ይጽፋል። አንዳንዱ ካርድ ከላይ እስከ ታች በስም የተሞላ ነበር። «መጽሐፍ አማና ነው» ይል ነበር አባቴ፤ አደራ ማለቱ ነው።

ከሁሉም ሾፌር የምወደው ጋሽ ተክሌን ነበር። የአዳማ ሰው ነው፤ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። አምስትና ስድስት መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ይወስድና በየመንገዱ ያድላል። እኔን ሲያየኝ «ዳይሬክተሯ መጣች፣ ተነሱ!» ይላል። አባቴ በመደርደሪያዎቹ መሃል ምንጣፉን ዘርግቶ የዐሥር ሰላት ሲሰግድ፣ ጋሽ ተክሌ በሩ ላይ ተቀምጦ የሚንጫጩትን «ዝም በሉ፣ ሰውየው ቀጠሮ ላይ ነው» ይላቸዋል። እሱ ሲጾም ደግሞ እናቴ የምስር ሳምቡሳ ትልክለታለች።

አስራ አንድ ዓመት በሆነኝ ክረምት አባቴ ከሥራ ቦታው የተጣለ ኮምፒውተር አምጥቶ መደርደሪያው አጠገብ አስቀመጠ። የመመዝገቢያ ፕሮግራሙ በፈረንሳይኛ ነው፤ እኔም በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ጎበዝ ነበርኩ። አባቴ በዚያ ሰሞን ዓርብም ጭምር ሥራ ስለበዛበት፣ ክፍሉን የሚጠብቁ አንድ ሰውዬ አጠገብ ትቶኝ ይሄድ ነበር። አስደስተዋለሁ ብዬ ካርዶቹን ሁሉ ብቻዬን ወደ ኮምፒውተሩ አስገባሁ። ፕሮግራሙ ለአንድ መጽሐፍ አንድ ተዋሽ፣ አንድ የወሰደ ሰው ብቻ ነው የሚቀበለው። ካርዱ ላይ ግን ሰባት ስም፣ ዘጠኝ ስም አለ። ከላይ ያለውን፣ የመጀመሪያውን ስም ጻፍኩ። ስጨርስ ካርዶቹ ምን ያደርጋሉ ብዬ ከነካርቶናቸው ለቆሻሻ መኪና ሰጠኋቸው። ከዚያም ትምህርት ቤታችን እንደሚያደርገው «መጽሐፍ ያልመለሱ» የሚል ዝርዝር አትሜ በሩ ላይ ለጠፍኩ። አንደኛ የወጣው ተክሌ ነበር፤ አስራ ዘጠኝ መጽሐፍ።

በዚያ ሜዳ በር ላይ ስም የሚለጠፈው ጭነት የጎደለበት፣ በሌብነት የሚጠረጠር ሰው እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሾፌሮቹ ዝርዝሩን ከበው ይስቁ ጀመር። አንዱ «ተክሌ፣ አዳማ ላይ የመጽሐፍ ሱቅ ከፍተህ ነው እንዴ?» አለ። ሌላው «እኛ ስሚንቶ ስንጭን እሱ ልብ ወለድ ይጭናል!» ብሎ ጨመረ። ጋሽ ተክሌ መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበ። አልሳቀም። ያን ቀን መጽሐፍ ሳይወስድ ሄደ።

አባቴ አመሻሹ ላይ ሲደርስ ዝርዝሩን ቀደደው። «ካርዶቹስ?» አለኝ። ጣልኳቸው አልኩት። ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «የሰው ስምም አማና ነው፣ ሐያት» አለ።

ከሁለት ወር በኋላ ጋሽ ተክሌ በማዳበሪያ ከረጢት አስራ አንድ መጽሐፍ ይዞ መጣ። በየማረፊያው እየጠየቀ፣ ከዚያ ሾፌር ወደዚህ ሾፌር እየተላከ የሰበሰበው ነው። «ስምንቱን አጣኋቸው። አንዱ እንዲያውም ሱዳን ገብቷል አሉኝ» አለ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እባክሽ የኔ ልጅ፣ ስሜን አውጪልኝ» አለኝ። ሞከርኩ። ኮምፒውተሩ እጁ ላይ መጽሐፍ ያለበት ተዋሽ አይሰረዝም አለኝ። ያኔ ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «ጋሽ ተክሌ፣ ሲስተሙ እኮ...» ብዬ ጀመርኩና፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን አንድ ስም ብቻ እንደሚይዝ፣ ለምን እንደማይሰርዝ አንድ በአንድ አስረዳሁት። ያ ትልቅ ሰው ቆሞ እንደ ተማሪ አዳመጠኝ። «ገባኝ፣ የኔ ልጅ» አለና ወጣ።

አባቴን ስምንቱንም ተመልሰዋል ብለህ ጻፍ ብዬ ለመንኩት። «ያልተመለሰውን ተመልሷል ብዬ በጻፍኩበት እጅ ዱዓ ላደርግ ነው?» አለኝ። ከዚያ ቁጭ ብሎ፣ በሁለት ጣቱ ቀስ ብሎ እየጻፈ፣ ስምንቱን መጻሕፍት አንድ በአንድ ወደ ራሱ ስም አዛወራቸው። የጋሽ ተክሌ ስም ያኔ ወጣ። ይህን ልንነግረው ብንሮጥም መኪናው ተራ ደርሶት ወደብ ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ አባቴን ሲያየው ከመኪናው ላይ እጁን አንሥቶለት ያልፋል እንጂ መደርደሪያው ጋ አልመጣም።

ዘንድሮ እኔም የአባቴን ሙያ ለመማር አንደኛ ዓመት ገብቻለሁ። ልምምድ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማቀዝቀዣ አለ፣ ስካነር አለ፤ ኃላፊዋም «ደንብ አዋቂ ናት» ብለው ያመሰግኑኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ መጥታ «መልሼዋለሁ፣ ወላሂ መልሼዋለሁ» አለችኝ። እኔ ደግሞ አፌን ከፍቼ «ሲስተሙ...» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ በራሴ ተናደድኩ፤ ግን ወደኋላ አልመለስኩትም። ከኋላዋ ሰልፍ ነበር፣ ኃላፊዋም እያዩኝ ነበር።

በእኔ ዕድሜ ያላችሁ፣ በዚያ ሜዳ ከአባቶቻችሁ ጋር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ የቆርቆሮዋ ክፍል የጎማ መጋዘን ሆናለች። ሾፌሮቹ ጥላ ሥር ተኝተው ስልካቸውን ያያሉ። ጋሽ ተክሌ መንዳት ትቷል የሚሉ አሉ፣ ሞጆ ነው የሚሉም አሉ፤ የነበረኝ የስልክ ቁጥሩ አይሠራም። ያኔ አንድ መጽሐፍ የት እንደደረሰ ለማወቅ አንድ ሰው እስኪመጣ ሳምንት እንጠብቅ ነበር። አሁን ርእሱን ስጽፍ ኮምፒውተሩ በሰከንድ ውስጥ ከነመደርደሪያው ቁጥር ይነግረኛል። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው የት እንዳለ ግን የሚነግረኝ የለም።