ከዱባይ ሜልበርን ስንት ሰዓት ነው?

ታናሽ እህቴ ወደ ሜልበርን የሄደች ሰሞን እናቴ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» እያለች ደጋግማ ትጠይቀኝ ነበር። ከናይሮቢ ዱባይ አምስት ሰዓት፣ ከዱባይ ሜልበርን አሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ እንደሆነ ነገርኳት። እሷ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። ኬንያ የገባችው በሞያሌ በኩል፣ በጭነት መኪና ነው።

እህቴ ዱባይ ላይ አውሮፕላን ቀይራ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተነሳች። ቅዳሜ ስለሆነ ናይሮቢ ዌስትላንድስ ያለው ቢሮዬ ዝግ ነበር። ኢስትሊ ሰፈር ባለው ቤታችን ሶፋ ላይ ተቀምጬ በረራዋን በስልኬ መከታተል ጀመርኩ። ትንሿ ቢጫ የአውሮፕላን ምስል ሰማያዊው ባሕር ላይ ትድሃለች። ከታች የማታቱ ሚኒባሶች ክላክስ ይጮኻል። እናቴ እህቴ ትታው የሄደችውን ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ማጣጠፏን አቆመች።

«ቀኝ እጄን በረደኝ» አለች።

ነካሁት። በዚያ ሙቀት በረዶ ሆኗል። ግራዋ ግን ትኩስ ነበር። ላሽላት ስል እጇን መነጨቀችኝ።

«ተው፣ ታስለቅቃታለህ።»

«ማንን?»

ግድግዳው ላይ አፍጥጣ «አሁን ይወርዳሉ» አለች።

«እማዬ፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይቀራቸዋል። ከበታቻቸው ባሕር ነው፤ የት ይወርዳሉ?» ብዬ ስልኩን አሳየኋት። ዞራም አላየችው።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ምስሏ መንገዷን ለቀቀች። ኔትወርክ መስሎኝ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት። አውሮፕላኑ ወደ ኮሎምቦ ዞሮ ዝቅ እያለ ነው። እናቴ ተንበርክካ «ጌታ ሆይ፣ ነፍሷን ተቀበል» ስትል ሰማሁ።

«ዝም በይ!» ብዬ ጮህኩባት። በሕይወቴ እናቴ ላይ ጮሄ አላውቅም።

«እህትህን አይደለም» አለችኝ በእርጋታ።

አሥር ሰዓት ላይ እህቴ ከኮሎምቦ ደወለች። እናቴ እንዳትሰማ ደረጃው ላይ ወጥቼ አነሳሁት። አጠገቧ የተቀመጡ ሴትዮ ድንገት ታመው፣ አውሮፕላኑ ሳያርፍ ሞቱ አለችኝ። «እጃቸውን ይዤ ነበር። ከሞቱም በኋላ መልቀቅ ፈራሁ» አለች እያለቀሰች። «ለእማዬ እንዳትነግራት።»

ተመልሼ ገባሁና «ነዳጅ ሊቀዱ ነው የወረዱት፤ ደህና ናት» አልኩ።

እናቴ ልብሱን ወደ ማጣጠፏ ተመልሳለች። «ሴትዮዋ ልጆች አሏት ወይ?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት።

እህቴ ብዙ ሰዓት ዘግይታ በሰላም ደረሰች። በማግስቱ የእናቴን ጥያቄ አነሳሁባት። ሴትዮዋ በበረራው ላይ የአንዲት ሴት ልጃቸውን ፎቶ አሳይተዋት ነበር። «ሜልበርን ከአየር ማረፊያው ስወጣ ልጅቷን በሩ ላይ አየኋት» አለችኝ። «አበባ ይዛ ቆማለች። ዓይናችን ሲገጣጠም፣ እናቷ ከኋላዬ እየመጡ መስሏት ፈገግ አለችልኝ።»