ለፈረንጇ ያልነገርኳት

ሰው ይህን ነገር ሲያነሳ ጥፋቱን ሁሉ በእኔ ላይ ይከምራል። መምህሩም ጥፋት ነበረበት፤ ከእሱ ልጀምር።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ስለ ገበሬ ኑሮ የምታጠና አንዲት ፈረንጅ ሸዋ ሮቢት መጥታ አስተርጓሚ ፈለገች። በከተማው እንግሊዝኛ እናውቃለን የምንል ሁለት ነበርን፤ ደብረ ብርሃን ተምሬ የተመለስኩት እኔና የትምህርት ቤቱ መምህር። እሱ ቀደም ሲል ሽማግሌ ልኮብኝ አባቴ አልሰጥም ብሎ መልሶታል። ከዚያ ወዲህ በየሻይ ቤቱ፣ "የእሷ እንግሊዝኛ እኮ ከደህና አደርክ አያልፍም" እያለ ያስቅብኝ ነበር። አልረሳሁለትም።

ፈረንጇ ከዚህ በፊት ሩዋንዳ ሠርታለች። እዚያ ከእንግሊዝኛ ወደ ኪንያርዋንዳ የሚያስተረጉም ሰው ፍለጋ ብዙ ተንከራትታ፣ በመጨረሻ የቀጠረችው ሰው የመሰለውን እየጨመረና እየቀነሰ ሥራዋን አበላሽቶባት ነበር። ስለዚህ ለእኛ ፈተና አበጀች፤ አንዱን ጥያቄ ለአንዲት ሴት በየተራ እንድናቀርብ፣ ከዚያ መልሱን ልታመሳክር።

ወንዙ ዳር ካለው መንደር የመረጠቻት ሴት የአባቴ ጭሰኛ ሚስት ሆና ተገኘች። አውቄያታለሁ፤ ለፈረንጇ ግን አልነገርኳትም። መምህሩ ቀድሞ ገብቶ ወጣ። ተራዬ ሲደርስ፣ መሬቱን እንዴት እንደሚያርሱና ምን እንደሚያሰጋቸው ጠየቅኳት።

እናቴን የምታክል ሴት ናት፤ ግን "እትዬ" አለችኝ። "እትዬ፣ አላህ ነው ያመጣዎት። አባትዎ መሬቱን ለትራክተር ሊሰጡት ነው። ማሽላው እንደታጨደ ልቀቁ ብለውናል። ወላሂ፣ መሄጃ የለንም። ለዚህች ፈረንጅ ይንገሩልን፤ ምናልባት እሷ ብትለምናቸው ይሰሟት ይሆናል።"

ፈረንጇ እርሳሷን ይዛ ትጠብቃለች። የቤታችንን ገመና ለባዕድ ማውጣት አልሆነልኝም። "ባለመሬቱ ደግ ሰው ነው፣ የሚያሰጋን የዝናብ ማነስ ነው ትላለች" አልኳት።

ውጭ በግራር ጥላ ሥር መልሳችን ሲመሳከር አልገጠመም። መምህሩ ሴትዮዋ ያለችውን አንድም ሳያጎድል ተናግሮ ኖሯል። ፈረንጇ ግራ ተጋብታ ሁለታችንንም አየችን።

"ባለመሬቱ አባቴ ነው" አልኩ፣ እሱ ሳይቀድመኝ። "ይህ ሰው እኔን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ ተከልክሏል። ስማችንን ሊያጠፋ ነው። እውነት አይደለም?"

"ሽማግሌ መላኬማ..." ብሎ ቆመ። ፊቱ በላብ ተጠመቀ። ያን ጊዜ ተከራክሮ ቢሆን ኖሮ! ግን አፈረ። ፈረንጇ የእሱን መልስ የጻፈችበትን ወረቀት አጣጥፋ ለብቻው አስቀመጠችው። እኔ ተቀጠርኩ።

ወደ መኪናው ስንሄድ ሴትዮዋ እየሮጠች ደረሰችብኝ።

"ነገሩልኝ፣ እትዬ?"

"ነግሬያለሁ።"

"አላህ ያክብርዎት!" ብላ ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችው። አልከለከልኳትም።

ማሽላው ሲታጨድ ካራቆሬ ላይ የሌላ ባለርስት ጭሰኞችን አስተረጉም ነበር። ከእነሱ ንግግር አንድም ቃል አልቀነስኩም። ፈረንጇም ታማኝነቴን ለሰው ሁሉ ታወራ ነበር። ያቺ ሴት ወዴት እንደሄደች አባቴን አልጠየቅኩትም።