ለፑንጃቢኛና ለቲቤትኛ ሽምግልና ሞጣ ድረስ

ማለዳ፣ ቢቸና

ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደርሰናል። አብረውኝ ያሉት ጋሽ ደሴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ በአካባቢያችን እሳቸው ያልሸመገሉት ጋብቻ የለም። ዛሬ የምንጠይቀው ግን ትዳር አይደለም። የሥራ ባልደረባዬ ስርጉት ፑንጃቢኛንና ቲቤትኛን እንድታነጻጽር ህንድ አገር የትምህርት ዕድል አግኝታለች። ሞጣ ያሉት አባቷ መሪጌታ የየት አገር እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ በስልክ አይሆንም ብለዋታል። ያለ እሳቸው ፈቃድ አልሄድም ብላለች፤ መልሷ የሚጠበቀው ደግሞ እስከ ነገ ነው።

ረፋድ፣ ደብረ ወርቅ

ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያልታጨደ ጤፍ ነው። ሾፌሩ ለቁርስ ሲያቆም ገባን፤ የጥብሱን ዋጋ ስንሰማ ሁለታችንም ሽሮ አማረን። ጋሽ ደሴ ከስርጉት ተቀብዬ የያዝኳቸውን የሁለቱን ቋንቋዎች ገጾች ያገላብጣሉ። የፑንጃቢኛው ፊደል ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ከላይ በመስመር ተያይዟል። ቲቤትኛው በነጥብ እየተከፋፈለ ይጻፋል፤ የእኛ የድሮ መጻሕፍት ቃላትን በሁለት ነጥብ እንደሚለዩት ማለት ነው። ቋንቋዎቹ አይዛመዱም፣ ፊደሎቻቸው ግን የወረዱት ከአንድ ጥንታዊ የህንድ ፊደል ነው አልኳቸው። ይህን መሪጌታ ፊት እንዳላነሣ መከሩኝ፤ ፊደል ውስጥ ከገባን ሳንወጣ ይመሻል ብለው።

ከሰዓት፣ ሞጣ

መሪጌታ ተቀመጡ ሲሉን ጋሽ ደሴ በልማዳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው «ጉዳይ አለን» ብለው ቆሙ። እኔም ቆምኩ። ስህተታችን ይኼ ነበር። መሪጌታ ልጃቸው ልትታጭ መስሏቸው ፊታቸው በራ፤ የልጁን ዘር ጠየቁ። ህንድ ስንል ደግሞ ሙሽራው ህንዳዊ መሰላቸውና ደነገጡ። ነገሩ ሲገባቸው፣ ለሽማግሌ እንደሚባለው፣ ተማክረን እንመልሳለን፣ ሌላ ቀን ኑ አሉን። ጋሽ ደሴ በወጉ እጅ ነሥተው ሊወጡ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ። ሌላ ቀን የለንማ!

ምክሩን ረስቼ ገጾቹን ለመሪጌታ ሰጠኋቸው። ብዙ አዩአቸውና ዜማ አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። በሁለቱም ቋንቋ ድምፅ ሲነሣና ሲወድቅ ቃሉ ይለወጣል፣ ግን እንደ ዜማ መጻሕፍታችን ከላይ ምልክት የለውም፤ ቲቤትኛው ጭራሽ ተጽፈው የማይነበቡ ፊደሎች አሉት አልኳቸው።

«ታዲያ በምን ይማሩታል?»

«ከሰው አፍ ነው፣ የኔታ።»

ገጾቹን አጥፈው መለሱልኝ።

«ከአፍ ከሆነማ መምህሩ ካለበት መሄድ ነው። እኔስ ለዜማ ብዬ ስወጣ እናቴን መች አስፈቀድኩ» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መሞቷን የሰማሁት ተዝካሯ ከወጣ በኋላ ነው» አሉ።

አዘንኩላቸው፤ የመጣሁበትንም ጉዳይ ለአፍታ ጠላሁት። እሳቸው ግን ስልካቸውን አንሥተው ስርጉት ዘንድ ደወሉ።

«ሂጂ» አሏት። «ብቻ አባትሽ ታመመ ሲሉሽ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ።»