ጭብጨባው

ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ያለው የሞሮኮ ሬስቶራንት ቅዳሜ ቅዳሜ ዳንሰኛና ከበሮ መቺ ያመጣል። ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ አንዲት ሃምሳዎቹን የተሻገረች ያገሬ ሴት ከልጇ ጋር ተቀምጣለች። ፀጉሯን ገና መሠራቷ ነው። የአዲስ ቀሚሷን እጅጌ ግን ሥራ ሊጀምር እንደተዘጋጀ ሰው እስከ ክርኗ ሰብስባዋለች። አስተናጋጁ ማንቆርቆሪያ ይዞ ሊያስታጥባት ሲመጣ ተቀብላው እሱን ልታስታጥብ ቃጣት።

"ማም፣ በርዝደይሽ እኮ ነው!" አለች ልጅቷ እየሳቀች።

ከበሮው ሲጀመር ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። ሴትዮዋ ብድግ አለች። ዳንሰኛዋን አላየቻትም፤ ማን እንዳጨበጨበ ነበር በዐይኗ የምትፈልገው። አፍራ ተቀመጠች። እንደገና ሲጨበጨብ እንደገና ተነሳች፤ ሽርጥ የታጠቀች ይመስል መዳፎቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

ያኔ ገባኝ። ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ ማዳሜ አንድም ቀን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ ስትፈልገኝ ታጨበጭብ ነበር።

ልጅቷ ግን እናቷን መደነስ ያማራት መስሏት ደስ አላት። "ጎ ማም፣ ጎ!" እያለች ፊት ለፊቷ ታጨበጭብላት ጀመር።

ሴትዮዋ ወደ ልጇ ዞረች። ዐይኗን ሰበር አድርጋ፣ "ሃዲር፣ ማዳም" አለቻት በዐረብኛ፤ እሺ እመቤቴ ማለቷ ነው። ከዚያ ገና ያልተነካውን የልደቷን ምግብ ከጠረጴዛው ላይ ታነሳ ጀመር።