የጠብ ሜዳ ላይ የተከልነው ድንኳን

ሻምበሉ ሰው ሲመታ መጀመሪያ ያየሁት ገና ከአርባ ምንጭ፣ ከሲቀላ ሰፈር ሳንወጣ ነው። ወደ ጨንቻ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ እየተሳፈርን ሳለ የመኪናው ረዳት የጓደኛዬን ቦርሳ አንስቶ "ይሄ ሬሳ ነው ወይስ ዕቃ?" አለና ከላይ ጭቃው ውስጥ ወረወረው። ሻምበሉ ረዳቱን በሸሚዙ ኮሌታ ጎትቶ አወረደውና ከመኪናው ጎን ጋር አላተመው። ቆርቆሮው ተንጓጓ። ከዚያ ቦርሳውን አንስቶ ጭቃውን በመዳፉ ጠረገ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ "ተሳፈሩ፣ ይመሽብናል" አለን። ረዳቱ አፍንጫውን በእጅጌው እንደያዘ እስከ ጨንቻ ድረስ ሲገላምጠው ሄደ። እኛም ሻምበሉን አልወቀስነውም። ፈርተን ይሁን ወይም ለእኛ ብሎ በመሆኑ ደስ ብሎን፣ ዛሬም ለይቼ መናገር አልችልም።

አራት ነበርን። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ በነርስነት ተመድቤ አርባ ምንጭ የመጣሁ ወጣት ነበርኩ፤ ሸቻ በሚባለው ሰፈር ከአንዲት የጂኦግራፊ አስተማሪ ጋር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። የተራራው ነገር የተጀመረው በእሷ ነው። "የጉጌን ተራራ በጠመኔ እየሳልኩ ማስተማር ሰለቸኝ፤ ሄጄ ልደርበት" አለች አንድ ቀን። ሦስተኛው ሲቀላ ውስጥ ከአባቱ ጋር ጨርቅ የሚሸጥ ወጣት ነጋዴ ነው። ወላጆቹ ከስልጤ አገር የመጡ ሲሆኑ እሱ ግን እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ ጋሞኛን እንደ አፍ መፍቻው የሚናገር ሰው ነበር። አራተኛው ሻምበሉ ነው። የተበተነው ጦር መኮንን ነበር፤ አሁን የሙዝ መኪና ይነዳል። ድንኳን አተካከል፣ ቦርሳ አሸካከም፣ እሳት አያያዝ ያስተማረን እሱ ነው። በዕድሜ ቢበልጠንም አንቱ ስንለው ይቆጣ ስለነበር አንተ ነበር የምንለው።

አከራያችን እማማ ቦርሳችንን ባሰርን ቁጥር በር ላይ ቆመው ይገረሙብን ነበር። "ልጆቼ፣ ሰው ቤት እያለው ዱር ያድራል?" ይሉናል። ሰፈሩ ደግሞ ባል ፍለጋ ነው የሚወጡት ይለን ነበር። እኛ ግን የተራራውን ብርድ ለምደነው ነበር። ከታች ያለው ሙቀት፣ የሐኪም ቤቱ ወባ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸው ትንኝ ሁሉ ዶርዜን ስናልፍ ይቀርልናል። ወደ ኋላ ዞር ስንል አባያ እንደ ሸክላ ቀልቶ፣ ጫሞ ደግሞ ጠቁሮ ከእግራችን በታች ተዘርግተው ይታዩናል።

ረዳቱ በተመታ ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ከጨንቻ ወጥተን ቀኑን ሙሉ በሸንተረሩ ላይ ተጓዝን። ጥቅምት እየተገባደደ ነበር፤ ገብሱ ቢጫ ሆኗል። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና በረዶ ወረደብን። እንዲያ ያለ በረዶ አይቼ አላውቅም። ጭንቅላታችንን በቦርሳ ሸፍነን ቀርከሃ ስር ተጠጋን፤ ቀርከሃው እየተሰነጠቀ በላያችን ይወድቅ ጀመር። ከፊታችን ባለው ማሳ ላይ አንዲት በግ በበረዶው ተመትታ ወደቀች፤ እግሯን አወራጨች፣ ከዚያ ተወችው። በረዶው ሲያባራ እጃችን አብጦ የቦርሳ ዘለበት መፍታት አቅቶን ነበር።

ጭጋጉ ውስጥ እየተንገዳገድን አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ደረስን። ሳሩ አጭር ነው፣ መሬቱ ደልዳላ ነው፣ ሰው የለበትም። ሸራውን መዘርጋት ስንጀምር አንድ ሽማግሌ ከጭጋጉ ወጡ። ቡልኮ ለብሰዋል፣ ምርኩዝ ይዘዋል። ነጋዴው በጋሞኛ ሰላምታ ሰጣቸው። ብዙ ተናገሩ፤ ሲናገሩ በምርኩዛቸው ሜዳውን ግራና ቀኝ ይጠቁማሉ።

"ምን ይላሉ?" አለ ሻምበሉ።

"ይሄ ሜዳ የጠብ ሜዳ ነው ይላሉ። ማዶና ማዶ ያሉት ሁለት መንደሮች በግጦሹ ተጣልተዋል። በቅርቡ ጊደር ተወግታበታለች፤ ሰዉ ቂም ይዟል። እኔ ቤት መጥታችሁ እደሩ ነው የሚሉት።"

"ቤታቸው የት ነው?"

"ከዚህ በታች፣ ገደሉን ወርደን።"

ሻምበሉ የራሰውን ሸራ አየ፣ ያበጠ እጃችንን አየ። "በዚህ ጭጋግ ገደል አላወርዳችሁም። ጊደር ተወጋች ብሎ ሜዳ የሚለቅ የለም። ጦርነት ያየሁት እኔ ነኝ፤ ትከሉ!" አለ።

ተከልን። ማናችንም አልተከራከርነውም፤ ደክሞን ነበር። ሽማግሌው ጥቂት ቆመው አዩንና ራሳቸውን እየነቀነቁ ወረዱ።

የነቃሁት በጩኸት ነው። ጭጋጉ እየተገፈፈ፣ ፀሐይ እየወጣች ነበር። የድንኳኑን በር ስከፍተው ሜዳው በሰው ተሞልቷል። በአንዱ በኩል ዱላና ጦር የያዙ ወንዶች፤ በሌላው በኩልም እንደዚያው። እኛ መሐል ላይ ነን። ቀንደ መለከት ይነፋል። አንዱ ወገን ይሳደባል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ቋንቋውን ባላውቅም ስድብ መሆኑን ለማወቅ ትርጉም አላስፈለገኝም።

ነጋዴው ጫማውን እንኳን ሳያስር ወጣ። ሁለት እጁን አንስቶ በጋሞኛ እየጮኸ ሄደ። "እንግዳ ነን! መንገደኞች ነን!" ማለቱ እንደነበር በኋላ ነገረኝ። ብዙም አልራቀ። ከየት እንደመጣ ያልታየ ድንጋይ ግንባሩን መታው። በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ደሙ ዓይኑን ሸፈነው። አስተማሪዋ ጮኸች። እንደ ምልክት የጠበቁት ይመስል ሁለቱም ወገኖች ተንደረደሩ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት እየተቆራረጠ ነው የሚታወሰኝ። ዱላ አጥንት ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ። የድንኳናችን ሸራ በጦር ሲቀደድ። አንድ ሰው ጥርሱን ሲተፋ። ነጋዴውን በብብቱ ይዘን ከአስተማሪዋ ጋር ስንጎትት አንድ ረጅም ሰው ዱላውን ከፍ አድርጎ እየጮኸ ወደ እኛ ሮጠ። ሻምበሉ የድንኳኑን ቋሚ ነቀለ። ሰውየው ከመድረሱ በፊት ክንዱ ላይ አሳረፈበት። ክንዱ መሐል ላይ ታጠፈ። ሰውየው ወደቀ። ሻምበሉ ግን አላቆመም። የወደቀውን ሰው ትከሻውን መታው፣ ጎኑን መታው፣ እንደገና አነሳ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ሥራ የያዘ ሰው ፊት ነበር። ያ ፊት ነው ያስፈራኝ።

"ወድቋል! ሻምበል፣ ሰውየው ወድቋል!" ብዬ አንገቱ ላይ ተንጠለጠልኩ። በክርኑ አፌን መታኝ። ጀርባዬ መሬት ሲነካ አፌ ውስጥ የተሰበረ ነገር ተሰማኝ። የፊት ጥርሴ ነበር።

ምናልባት ይገድለው ነበር። ያስቆመው ነጋዴው ነው። መሬት ላይ ተኝቶ፣ ዓይኑ በደም ታውሮ "ሊያወጣን ነው የመጣው!" ብሎ ጮኸ። "ተኙ፣ ወደኔ ኑ ነው የሚለው! ስማው እንጂ፣ ሊያወጣን ነው!"

ሻምበሉ ቋሚውን እንዳነሳ ቀረ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ከገደሉ በኩል ብቅ አሉ፤ የማታውም ሽማግሌ አሉበት። በእጃቸው የያዙት ለምለም ሳር ብቻ ነው። አልሮጡም፣ አልጮኹም። ድንጋይ እየበረረ፣ ዱላ እየተወረወረ መሐል ገቡና በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ሳሩን ወደ ላይ አነሱ። አንደኛው ሽማግሌ ደረታቸውን በድንጋይ ተመቱ፤ ዘመም ብለው ተመልሰው ቀጥ አሉ። ጠቡ ወዲያው አልቆመም። ዳር ላይ ሁለት ሰዎች ተያይዘው መናከስ ቀጥለው ነበር። ግን ሳሩ ፊት የደረሰው ሁሉ ቆመ። ተንበርክኮ የሚለምንን ሽማግሌ ማለፍ ጎሜ ነው፤ ልጅህን፣ ከብትህን፣ እህልህን ተከትሎ የሚመጣ ነውር ነው። አንዱ ዱላውን ጣለ። ከዚያ ሌላው። የመጨረሻው ጦር ሲጣል ሜዳው ላይ የሚሰማው የቁስለኛ ማቃሰት ብቻ ነበር።

አፌን በነጠላዬ ጠቅጥቄ ሥራዬን ጀመርኩ። ጭኑን በጦር የተወጋ ሰው ነበር። የቦርሳዬን ማንገቻ ቆርጬ ከቁስሉ በላይ አሰርኩ፣ በጉልበቴ ተጫንኩት፤ ደሙ ግን በጣቶቼ መሐል እየሞቀ ይወጣል። ከመንደር ሮጣ የደረሰችው ሚስቱ ራሱን ታቅፋ ስሙን ትጠራለች። ቀስ በቀስ እጁ ከቀሚሷ ላይ ተንሸራተተ። እሷ አልገባትም ነበር፤ ጠራችው፣ ደግማ ጠራችው። እኔም ጉልበቴን ለማንሳት ጊዜ ወሰደብኝ።

ክንዱ የተሰበረውን ሰው ያሰርኩት በቀርከሃ ፍልጭ ነው። አጥንቱን ወደ ቦታው ስጎትተው አልጮኸም፤ ቡልኮውን ነክሶ ሻምበሉን ነበር የሚያየው። ሻምበሉ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ይመለከታል።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ ጠሩን፤ ነገር የሚታይበት አደባባያቸው ነው፣ ድንጋይ ዙሪያውን ተደርድሮበታል። የሟቹ ጉዳይ ገና ብዙ ጊዜ የሚፈጅ የራሳቸው ነገር ነው፤ የእኛ የክንዱ ነገር ነበር። ነጋዴው ራሱን በሻሽ ጠምጥሞ አስተረጎመ።

ሻምበሉ ገና ሳይጠየቅ ተነሳ። "መትቻለሁ። አልክድም። ለፖሊስ ስጡኝ" አለ።

ጭጋጉ ውስጥ ያስጠነቀቁን ሽማግሌ ፈገግ አሉ። "ፖሊስ አንተን ይወስድሃል። እኛ ጋ ደሙ ይቀራል። እሱን ማን ይወስድልናል?"

ሽማግሌው ወደ ተመታው ሰው ዞሩ። "አንተ ተናገር። ምን ትሻለህ?"

ሰውየው ክንዱን በጤናማ እጁ ደግፎ ተነሳ። ቀስ ብሎ ተናገረ፤ ነጋዴውም ተከትሎ አስተረጎመ። "ገብሴ ደርሷል። የማጭድበትን እጄን ሰብሮብኛል። ወንድም የለኝም። ቤቴ ይግባና ይጨድልኝ።"

አስተማሪዋ ክንዴን ጨበጠች። ሻምበሉ ወደ ሰውየው ሄደ። እንዴት እንደሚንበረከክ የማያውቅ ሰው ይመስል አንዱን ጉልበት፣ ቆይቶ ሌላውን አስቀመጠ። ከሽማግሌው እጅ ሳር ተቀብሎ ለሰውየው ዘረጋ። ሰውየው ቶሎ አልተቀበለውም። ከዚያ ሳሩን ወሰደና በአገሩ ቋንቋ አንድ ነገር አለው። ነጋዴው አስተረጎመ፤ "ማጭድ ይዘህ ታውቃለህ ወይ ነው የሚለው።"

"አላውቅም" አለ ሻምበሉ።

"እሱ ያሳይሃል።"

ሦስታችን ወረድን፤ ሻምበሉ ቀረ። የሙዝ መኪናው ባለቤት ሲጠብቀው ቆይቶ ሌላ ሾፌር ቀጠረ። ከተማው ውስጥ ታስሯል ተባለ፣ ሞቷል ተባለ። የወረደው ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ነው። ከስቷል፣ መዳፉ ተልጧል። መጀመሪያ የመጣው እኔ ወዳለሁበት ሐኪም ቤት ነው፤ በረኛው ሲያስቆመው አልተቆጣም፣ ተራውን ይዞ ቆመ።

"ሲስተር፣ አፍሽን ክፈቺ" አለኝ ሲገባ።

ከፈትኩ። የተሰበረውን ጥርስ አየ።

"ይሄ የኔ ነው?"

"ያንተ ነው።"

"እነሱ ጋ ሳለሁ ሁልጊዜ አስበው ነበር። ለእሱ አጨድኩለት። ላንቺ ምን ላድርግ?"

ይቅር ብዬሃለሁ ማለት ይጠበቅብኝ ነበር መሰለኝ፤ ግን ያቺ ክርን ስትመጣ አሁንም ትታየኝ ነበር። "አላውቅም። አሁንም እፈራሃለሁ" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። "ፍሪ፤ ደግ ነው" አለና ተራ የያዙትን ሰዎች ላለማቆየት ወጣ።

ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት ምን እንዳጋጠመው በጥቂት በጥቂቱ ነገረኝ። የሰውየው ሚስት መጀመሪያ ሰሞን ቆጮውን የምታቀርብለት ፊቷን አዙራ ነበር። አንድ ማታ ግን የበርበሬ ዳጣውን በእጁ ላይ ስታደርግለት ቀና ብላ አየችው። "ጦር ሜዳ ስንቱን መትቻለሁ፤ የመታሁትን ሰው ቤት ገብቼ በልቼ አላውቅም። ምግቡ አልዋጥ ይልሃል፣ ሲስተር። ግን ትበላለህ" አለኝ።

ነጋዴው ዳግመኛ ተራራ አልወጣም፤ አባቱ አስማሉት። አስተማሪዋ በዓመቱ ወደ አዋሳ ተዛወረች። ክንዱ የተሰበረው ሰው ግን በገበያ ቀን ይወርድ ጀመር። ክንዱ ትንሽ ጎብጦ ነው የዳነው። ሲቀላ ውስጥ የጫሞ አሳ የሚጠበስበት አንድ ቤት አለ፤ እዚያ ከሻምበሉ ጋር ቁጭ ብለው አያቸዋለሁ። ሻምበሉ እሾሁን እየለቀመ ሥጋውን ወደ እሱ በኩል ይገፋል። አንድ ቀን ጠሩኝና አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ሰውየው አማርኛ እየለመደ ነበር። ወንዱን በሴት፣ ሴቷን በወንድ እየጠራ ስለ ሟቹ ሚስት ነገረኝ፤ መንደሮቹ ታርቀዋል፣ ማሳዋን ሁለቱም መንደር ተራ ገብቶ ያርስላታል። እሷ ግን ወደዚያ ሜዳ ከብት አትነዳም፤ ዞራ ነው የምታልፈው አለኝ።