ከነጩ ጥቅል የተዘገነ ቁርቁራ

ይህን መጻፌን ያየ ሰው እንዳይስቅብኝ እፈራለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ ከደብዳቤ በቀር ጽፌም አላውቅ። የተሳሳተ ነገር ከተገኘ ይቅርታ ይደረግልኝ። ማሚቴ ራሷ «ጻፊው፤ እኔ አፍሬበታለሁ፣ ሌላው ይማርበት» ባትለኝ አልደፍረውም ነበር።

ማሚቴ ቆቦ ከተማ ከመናኸሪያው ጀርባ ሹሩባ የምትሠራ ሴት ናት። ሰው አታምንም። ወተት ስትገዛ ጣቷን ነክራ ነው፤ ቅቤ ስትገዛ እስከ ታች ድረስ በእንጨት ወግታ ነው። እንዲህ ሆና ሳለ በዘጠና ስድስት ዓመተ ምህረት አንድ ቀን ከጎብዬ ገበያ አንድ ጠርሙስ ሻምፖ ገዝታ መጣች። ጽሑፉ ለቋል፤ ክዳኑም ቀድሞ የተከፈተ ይመስላል። ሽታው ግን ልብ ይሰርቃል። ሦስት ጊዜ ታጠበችበት። ከዚያ ራሷን ያሳክካት ጀመር፤ ፎረፎሩ ትከሻዋ ላይ ይረግፋል፤ ማበጠሪያውን ባነሳች ቁጥር ጭብጥ ሙሉ ጸጉር ይወጣል። ከሻምፖው ይሁን ከሌላ እስከ ዛሬ አላወቀችም።

ሹሩባ ሠሪ ደግሞ ማስታወቂያዋ የራሷ ጸጉር ነው። ደንበኞቿ መጀመሪያ ቀለዱ። «አንቺ፣ የእኔንም እንዳንቺው እንዳታደርጊው!» አሏት። ከዚያ ቀልዱንም ትተው ወደ ሌላ ሰፈር መሄድ ጀመሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳዋ ላይ ቦታ የማይገኝላት ሴት ሻሿን ጠምጥማ ብቻዋን ትቀመጥ ጀመር።

ጎረቤቷ እትየ ዚነት በአጥሩ በኩል አዩዋት። እትየ ዚነት ስድሳ ያለፋቸው ናቸው፤ ፍየል ያረባሉ፤ በሰፈሩ ሙስሊም ሴት ስትሞት ጀናዛዋን የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። በወረቀት የተጠቀለለ አረንጓዴ ዱቄት በአጥሩ አሾልከው ሰጧት።

«የቁርቁራ ቅጠል ነው። በጥላ አድርቄ፣ ወቅጬ፣ ነፍቼዋለሁ። ለብ ባለ ውሃ በጥብጪውና አረፋ ሲያወጣ ራስሽን እሽበት። እኛ ያደግነው በዚህ ነው።»

«ስንት ልስጥዎ እትየ?»

«ሂጂ ወዲያ! የዛፍ ቅጠል ይሸጣል?»

ዱቄቱን ወሰደች። ይህ በነጻ መሰጠቱ ግን ሆዷ ውስጥ ቀረ። በዚህ ዘመን በነጻ የሚሰጥ ማን ነው?

ቢሆንም ታጠበችበት። አንድ ወር ሳይሞላ ማሳከኩ ረገበ፤ ፎረፎሩም ቀነሰ፤ በጆሮ ግንዷ በኩል እንደ ቡቃያ ያለ ጸጉር ብቅ አለ። በመስታወት ደጋግማ ታየዋለች። ያለቀባትን ዱቄት እትየ ዚነት ሁለት ጊዜ ሞሉላት።

ታዲያ አንድ ቀን ከሮቢት የምትመጣ ብርቱካን የምትባል ደንበኛዋ ልትሠራ ተቀምጣ፣ ዞር ብላ የማሚቴን ራስ አሸተተች።

«ይሄን ሽታማ አውቀዋለሁ። በምንድን ነው የታጠብሽ?»

«በቁርቁራ። እትየ ዚነት ሰጥተውኝ።»

«በስመ አብ! የጓደኛዬ የቶይባ አያት የሞቱ ቀን ይህችው ሴትዮ በባልዲ ስትበጠብጠው በዓይኔ አይቻለሁ። ለሬሳ ማጠቢያ እኮ ነው!»

«ሂጂ እባክሽ።»

«ተይ አልኩሽ፣ ከዚያ የተረፈውን ይሆናል የምታመጣልሽ። አለዚያ ለምን በነጻ ትሰጥሻለች?»

ብርቱካን ጸጉሯን ሳታሠራ «ሆዴን አሞኛል» ብላ ሄደች። ማሚቴ እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ቀረች። የዳነው ቦታ ሁሉ እንደገና ያሳከካት መሰላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትየ ዚነትን በአጥሩ ቀዳዳ ትጠብቅ ጀመር። በሳምንቱ ዋጃ ለቀብር ተጠርተው ሲሄዱ ትንሽ ቦርሳ ይዘው ነበር፤ ሲመለሱ በሻርፓቸው ስር የተወጠረ ፌስታል ይዘው ገቡ። ማሚቴ አሰላች። ትንሽ ይዞ ሄዶ ብዙ ይዞ የሚመለስ ምን ቢሆን ነው?

ለባሏ ለጋሹ ነገረችው። እሱም «ጠይቂያቸዋ! አፍ የለሽም?» አላት። መጠየቁን ግን ፈራች። ብትጠይቅና ውሸት ቢነግሯት በምን ታውቃለች?

በማግስቱ እትየ ዚነት ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ቦኖ ውሃ ሲወጡ ጠብቃ ገባች። በራቸው እንደ ወትሮው ገርበብ ብሏል። ጥግ ላይ ቅጠል የሞላው ጆንያ ቆሟል፤ ከላይ ደግሞ ምስማር ላይ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ጥቅል ተሰቅሏል። ነጩን አውርዳ ጉልበቷ ላይ ፈታችው። ያው ዱቄት ነው፤ እሷ ቤት ያለው። እጇን እስከ አንጓዋ ከትታ አገላበጠች፤ አሸተተች፤ በጣቷ አሸች። የምትፈልገውን እንኳ አታውቀውም ነበር። ጨርቁ ከጉልበቷ ሸተት አለና ግማሹ ዱቄት መሬት ላይ ፈሰሰ።

«ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

እትየ ዚነት ጀሪካኑን ሳያስቀምጡ በሩ ላይ ቆመዋል።

 ማሚቴ ሁሉንም ባንዴ ዘረገፈችው፤ ብርቱካን ያለችውን፣ ፌስታሉን፣ ሬሳውን።

«ፌስታሉ?» አሉ እትየ ዚነት። «ጀናዛ ያጠብኩበት ልብሴ ነዋ! ርሶብኝ። ዋጃ ጥየው ልምጣ?»

«ዱቄቱስ እትየ?»

«በውሃ የተበጠበጠ ዱቄት ተመልሶ ዱቄት ሲሆን የት አየሽ? ጀናዛውን የነካ ከውሃው ጋር መሬት ይገባል።» ጀሪካኑን አስቀመጡት። «አዎ፣ ያንቺን የምዘግነው ከነጩ ነው። ጆንያው የመንገድ ዳር ቅጠል ነው፤ አቧራ የጠጣ፤ ለፍየሎቼ ነው። የነጩ ከጎሊና ወንዝ ዳር አንድ በአንድ የተለቀመ ነው። ለሟች የምመርጠውን ነው የሰጠሁሽ። ከዚህ የተሻለ ምን ልስጥሽ?»

ማሚቴ ጎንበስ ብላ የፈሰሰውን ልታፍስ ስትል እጇን ያዟት።

«ተይው። መሬት የነካውን ለሰው አላደርገውም። የቀረውንም አገላብጠሽዋል። እዚሁ ሰፈር የሐጂ ኡበይድ እናት ታመው ሁለት ቀን ሆናቸው እህል ካልቀመሱ። አላህ ያቆይልን እንጂ፣ ዛሬ ቢጠሩኝ ምን ይዤ ልሂድ?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «በይ ውጪልኝ ልጄ።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ቤቷ ገብታ እራት እንኳ አላሰኛትም።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ሳትከር ንጹህ ፌስታል ይዛ ጎሊና ወረደች። ከመንገዱ ራቅ ያለ ቁርቁራ መርጣ ለቀመች። እሾሁ ጣቶቿን ቧጨራት፤ ደሙ ቅጠሉን እንዳይነካው በቀሚሷ እየጠረገች ፌስታሉን ሞላችው። መጥታ እትየ ዚነት እግር ስር አስቀመጠችው።

አንድ ቅጠል አንስተው አሸተቱ። ማሚቴን አዩዋት፤ ደግመው አሸተቱ።

«ከየት ለቀምሽው?»

«ከጎሊና ዳር።»

«ፍየል አልደረሰበትም?»

«አንዲት ነበረች። አባረርኳት።»

«ከበላች በኋላ ነው ወይስ በፊት ያባረርሻት?»

 እትየ ዚነት ቅጠሉን ሰፌድ ላይ ዘረገፉና ይለዩ ጀመር፤ ይሄ ይሁን፣ ይሄ ለፍየል፣ ይሄም ለፍየል። ከግማሽ በላይ ለፍየሎቹ ሆነ። ሲጨርሱ ባዶውን ፌስታል አራግፈው ሰጧት።

«ከላይኛው ቅርንጫፍ ነው የሚለቀመው፣ ፍየል ከማይደርስበት» አሏት። «ለራስሽም ጨምሪበት።»

ማሚቴ ፌስታሉን ተቀብላ እንደገና ወደ ወንዙ ወረደች።