የተቃናው ኮፈን

መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ ያብሰዋል፤ አቧራ ያለበት ቆርቆሮ ይዋሻልና። ከዚያ የግራ መዳፉን በስስ ጨርቅ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ ያንሸራትታል። ቀኙ በመዶሻ ብዛት ደድሮ ስሜቱ ጠፍቷል። ጉድጓዱ የሚጀምርበትን በጠመኔ ይከባል። ከውስጥ በኩል መደገፊያ ብረቱን ያስይዝና ከውጭ በቀላሉ መዶሻ፣ ከዳር ወደ መሃል፣ እየዞረ ይመታል። ጀማሪ መሃሉን ነው የሚደበድበው፤ ቆርቆሮው ይለጠጥና እንደ ድስት ክዳን ቂብ ብሎ ይቀራል። የእሱ ደንብ ሌላ ነው፤ መጨረሻ የታጠፈው መጀመሪያ ይቃናል። ስለዚህ መዶሻ ከማንሳቱ በፊት ግጭቱን ወደኋላ ያነበዋል፤ ምን እንደመታው፣ ከየት እንደመጣ፣ በምን ፍጥነት።

ሙያው ባትላሜራ ነው፤ የተጋጨ መኪና ያቃናል። ዕድሜው ሃምሳን እየተጠጋ ነው። ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች አሉት። ጋራዡ ውስጥ «ገፊው» ይሉታል። ቅጽል ስሙ የወጣለት መኪና ስለማያንቀሳቅስ ነው፤ ግቢ ውስጥ እንኳ። መኪና ከቀለም ክፍል ወደ በሩ መውጣት ካለበት እጁን ከኋላ ጭኖ ይገፋል እንጂ መሪ አይጨብጥም። ቁልፍ የያዘ ቀን በቀጥታ እስር ቤት ነው የሚገባው። ጠጥቶ ሲነዳ ሰው ገድሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ደንበኛ መኪናው እንደ አዲስ ሆኖ ሲወጣለት ደስ ብሎት «ኑ፣ ጉሮሯችሁን አርጥቡ» ብሎ ሠራተኛውን ይዞ ወጣ። የጋራዥ ልማድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አቧራና ቲነር ሲስብ የዋለን ሰው መጠጥ ያጥበዋል ይባላል። እሱም ጠጣ። አልተንገዳገደም፣ አልተንተባተበም፤ እንዲህ ያለው ጠጪ ነው ይበልጥ የሚያስፈራው፣ ራሱን ደህና ነኝ ብሎ ያሳምናልና። ገና ጀንበር ሳትጠልቅ የራሱን አሮጌ መኪና አስነስቶ ወደ ቤቱ ሲነዳ፣ ትምህርት ቤት አጠገብ ያለ ኩርባ ላይ አንድ አዛውንት ገጨ። የጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ፣ ወደ ሥራቸው እየሄዱ። አልሸሸም። አንስቶ ሐኪም ቤት አደረሳቸው። ትራፊክ ፖሊሱ አስተነፈሰው፤ መሣሪያውም የሚለውን አለ። አዛውንቱ በሕይወት ስለነበሩ በዋስ ተለቀቀ። የጣቢያው ግቢ ሞልቶ ስለነበር መኪናው እሱ በሚሠራበት ጋራዥ እንዲቆም ተደረገ። «መርማሪ እስኪያየው ማንም እንዳይነካው» ተባለ።

በማግስቱ ማንም ሳይመጣ ጋራዥ ገባ። ቱታውን ለበሰ። የሚቀጥለውን በደንብ አላስታውሰውም ይላል፤ ጨርቅ፣ ጠመኔ፣ መዶሻ። ባለጋራዡ ሲደርስ ኮፈኑ ተቃንቶ፣ የመዶሻ ጠባሳ የሚሸፍነው ስቱኮ ተለቅልቆበት እየደረቀ ነበር።

«ምን አደረግህ አንተ ሰው!»

መዶሻውን አየ፣ ኮፈኑን አየ። አዛውንቱ በሳምንቱ አረፉ።

ፍርድ ቤት ውስጥ ነገሩ ሁሉ ፍጥነቱ ላይ ተንጠለጠለ። መርማሪው «ማስረጃው ተነካክቷል፣ ፍጥነቱን መገመት አልችልም» አለ። ጠበቃው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «አፍህን ዝጋ፣ ይኼ ለኛ ጥሩ ነው» አለው። ዘጋ። ከምሳ በኋላ ችሎቱ ሲሰየም ግን አላስችለው አለና እጁን አወጣ።

«ክብርት ዳኛ፣ ጉድጓዱ እንዴት እንደነበር እኔ ልናገር። እጥፋቱ የፊት መስታወቱ ሥር ደርሶ ነበር። ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና ሰውን እዚያ ድረስ አያወጣም። ብዙ ኮፈን አቃንቻለሁ። እየበረርኩ ነበር።»

ጠበቃው ግንባሩን ያዘ።

ዓቃቤ ሕጉ እስራት ጠየቀ። የሟች ልጅ፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ እሷም «ይታሰርልኝ» አለች። ዳኛዋ የዓመታት እስራት ፈረዱና አፈጻጸሙን በገደብ አቆሙት። ከዚህ በፊት ወንጀል የለበትም፣ በራሱ ላይ መስክሯል፤ እስር ቤት ተቀምጦ ከሚውል ሥራው ለተጎዱ ሰዎች ይጠቅማል አሉ። መንጃ ፈቃዱ ለዘለቄታው ተሰረዘ። መጠጥ በአፉ አይዞርም፤ የተመደበችበት የአመክሮ ተቆጣጣሪ ባሻት ሰዓት ጠርታ ታስተነፍሰዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሐኪም ቤት ያገለግላል። ከእነዚህ አንዱን ከጣሰ እስሩ ይጀምራል። ዓመት ሲሞላም የሟች ቤተሰብ ተጠይቆ ገደቡ ይቀጥል ወይስ ተነስቶ ይታሰር የሚለው እንደገና ይታያል።

ሐኪም ቤቱ ከፍ ዝቅ አልል ያሉ አልጋዎችና ጎማቸው የተጣመመ ተሽከርካሪ ወንበሮች ሞልተውት ነበር። እነሱን ይበይዳል፣ ያቃናል፤ ሰው ሲያንስ ቃሬዛ ይገፋል። ሥራው አላስቸገረውም። ያስቸገረው ምርቃቱ ነው። እግራቸው በጄሶ የታሰረ እናት ወንበራቸው ሳይንቋቋ ሲሄድላቸው «እጅህ ይባረክ የኔ ልጅ፣ ክፉ አይንካህ» ይሉታል። እሱ አንገቱን ይደፋል። አንዴ ማን እንደሆነ ሊነግራቸው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን በሕመማቸው ላይ የራሱን መጫን መሰለውና ተወው። ቤት ሲገባ ሚስቱ «ዛሬስ እንዴት ዋልክ?» ትለዋለች።

«ስመረቅ ዋልኩ።»

ልትስቅ ትጀምርና ፊቱን አይታ ትተወዋለች።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል የሟች ልጅ ሳትናገር ጋራዡ ድረስ መጣች። ለዳኛዋ ቃሏን ከመስጠቷ በፊት ሰውየውን በዓይኗ ማየት ፈልጋለች። በሩ ላይ ስትቆም ማንም ልብ አላላትም። ቀለም ቀቢው፣ ቲነር ቲነር ስለሚል «ሽቶ» የሚሉት፣ እየጮኸ ነበር።

«ገፊው! ይቺን መኪና አንዴ ወደኋላ ሳብልኝ፣ ብርሃን ጋረደችኝ!»

«እንግፋት በል።»

«አንድ እርምጃ እኮ ነው! ዳኛዋ ከመቀመጫው ሥር ተደብቃለች እንዴ?»

«ትደበቅ አትደበቅ፣ ና ትከሻህን አስገባ። ሲበላ ጉልበት አይጠፋህም።»

«ወይ ጣጣ! ፍርዱ ያንተ፣ የወገብ ሕመሙ የእኔ!»

እየተሳሳቁ ገፉ። ቀና ሲል አያት። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ይስቃሉ ማለት ነው» አለችው። አንተ ብላ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«ይቅርታ» አለ።

ሽቶ ማን እንደሆነች ሲገባው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተጠጋ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ማጽናናቱ ነው። «አይዞሽ እህቴ፣ ምን ይደረጋል፣ የአባትሽ ቀናቸው ደርሶ ነው። እሱንም ቢሆን ቀን ጥሎት ነው።»

«ቀናቸው አልደረሰም!» አለች። ድምጿ ጣሪያው ላይ ነጠረ። «መነጽር አሠርተው ሐሙስ ሊቀበሉ ነበር። የቲማቲም ችግኝ ተክለው ነበር። ቀኑ የደረሰ ሰው ችግኝ ይተክላል? ቀን አይደለም የገጫቸው። እሱ ነው!»

ሽቶ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቀለም ክፍሉ ገባ። እሷ ወደ ገፊው ዞረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ኮፈኑን ለምን አቃኑት? ለመደበቅ ነው?»

ለዚህ የተዘጋጀ መልስ ነበረው። ለጠበቃው፣ ለዳኛዋ፣ ለሚስቱ ያንኑ ሲል ከርሟል፤ በድንጋጤ እጁ የለመደውን ሠራ፣ አለቀ። አሁንም ሊለው ነበር።

«እጄ ነው የሠራው እላለሁ» አለ። «ማቃናቱን እጅ በልማድ ያደርገው ይሆናል። ግን ስቱኮ ለቅልቄበታለሁ። ስቱኮ ዝም ብሎ አይለቀለቅም፤ ማጠንከሪያው ተመጥኖ ይጨመርበታል። ሲበዛ ይሰነጠቃል፣ ሲያንስ አይደርቅም። እኔ መጥኜ ነው ያደረግኩት። ስመጥን አውቅ ነበር። እንዳይታይ ፈልጌ ነው።»

አንድ እርምጃ ቀረበችው።

«ይህን ለዳኛዋ ነግረዋል?»

«አልነገርኩም።»

ዞራ ወጣች። ትነግር አትነግር፣ ይታሰር አይታሰር፣ እሷ እጅ ገባ። ሚስቱ ስትሰማ «ምን አስለፈለፈህ? ልጆችህን አላሰብክም?» ብላ አለቀሰች። አስቦ ነበር። ግን ያቺ ሴት ለመደበቅ ነው ወይ ስትለው አይደለም ማለት፣ ሁለተኛ መለቅለቅ ሆኖበት ነበር።

በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ የሟችን ልጅ ከመጠየቃቸው በፊት ተነሳና ራሱ ተናገረው፤ ስለ ስቱኮው፣ ስለ መመጠኑ። ዓቃቤ ሕጉ ወዲያው ብድግ ብሎ ገደቡ ይነሳ አለ። ዳኛዋ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ። ሚስቱ ከኋላ ወንበር ላይ የትንሿን ልጃቸውን እጅ ጨብጣ ነበር።

«አልማርኩትም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ይህ ይጻፍልኝ። እስር ቤት ይግባ ልል ነበር የመጣሁት። ግን እዚያ ማን ምን ይጠይቀዋል? ጊዜውን ጨርሶ ከፈልኩ ይላል። ይውጣና ቃሬዛውን ይግፋ። አሁን የተናገረውን ደግሞ መንጃ ፈቃድ ሊያወጡ የሚማሩ ሰዎች ፊት ቆሞ ይናገር። ከነስቱኮው።»

ዳኛዋ የገደቡን ዘመን አስረዘሙት፤ እሷ ያለችውንም ጨመሩበት። ገፊው ከችሎት ሲወጣ እፎይ አላለም። ሚስቱ እፎይ አለች፤ እሱ ግን በረንዳው ላይ የሟች ልጅ ስታልፍ ግድግዳ ተጠግቶ መንገድ ለቀቀላት። አላየችውም፣ ወይም እንዳላየች አለፈች።

አሁን ሰኞ ከሥራ መልስ የመንጃ ማሠልጠኛው ክፍል ውስጥ ይቆማል። ሰሌዳው ላይ የመንገድ ምልክቶች ተለጥፈዋል፤ ሠልጣኞቹ ከሱ ልጆች ብዙም አይበልጡም። ንግግር አያውቅበትም። የሠራውን በተራ ይናገራል፤ መጠጡን፣ ኩርባውን፣ ኮፈኑን፣ ስቱኮውን። ሲጨርስ አንዳንዶቹ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ይከቡታል፤ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ ያጽናኑታል። ጎረቤትም፣ ደንበኛም እንደዚያው ነው። ለዚህ ነው ይህን ለሚያነብ ሰው አንድ ልመና ያለው። በራሱ አፍ እንዲህ ይላል፦

«መንገድ ላይ ካገኛችሁኝ ሰላም በሉኝ፤ ካልፈለጋችሁም እለፉኝ፣ አልቀየምም። ብቻ እባካችሁ ‹ቀን ጥሎህ ነው› አትበሉኝ። ደጋግማችሁ ስትሉኝ ማመን ይቃጣኛል።»